አሮጌ ብር በመጽሐፍ ከተጻፈለት ዋጋ በላይ ለምን ይሸጣል?

ከአያት ከቅድመ አያት የተረፈ ጠገራ ብር በኢሉባቦር ገጠር ዛሬም በአንዳንድ ቤት ይገኛል። አንዱ በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላው ጆሮ ተበጅቶለት የአንገት ጌጥ ሆኗል። እንግዲህ አንድ ቀን ነጋዴ ወደ መቱ ወይም ወደ ኡካ ገበያ መጣ እንበል። «ይህ የማይሠራበት ገንዘብ ነው፤ በሚዛን ልግዛችሁ» ይላል። የቸገረው ሰው ይሸጥለታል። ከተሸጡት ብሮች አንዱ ግን ባሕር ተሻግሮ እጥፍ ድርብ ሊያወጣ ይችላል። እንዲያውም የአሮጌ ገንዘብ ዋጋ በሚነግረው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው በላይ የሚሸጥ አለ። ይህ ለምን ይሆናል? ምክንያቱን ማወቅ ንብረታችንን በርካሽ ከመስጠት ያድነናል።

ጠገራ ብር ምንድን ነው?

ጠገራ ብር ማርትሬዛ ተብሎም ይጠራል። ይህን ስም ያገኘው ከኦስትሪያ ንግሥት ከማሪያ ቴሬዛ ነው። ንግሥቲቱ የሞቱት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ የብር ማዕድን ነው።

በኢሉባቦር ጠገራ የቡና ገንዘብ ነበር። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የጎሬ አካባቢ ቡና ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። የቡናውም ዋጋ በጠገራ ይከፈል ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጠገራ ከገበያ እየቀረ ሄደ።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም

ብዙ ሰው «አሮጌ ስለሆነ ውድ ነው» ይላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው ጠገራ ላዩ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለበት። ሆኖም ሁሉም በዚያ ዓመት የተመታ አይደለም። ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች በዚያው ቁጥር ሲመታ ኖሯል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ስለዚህ ተራው ጠገራ የሚያወጣው ከማዕድኑ ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ የተመታው ጥቂቱ ግን በአዋቂ ዘንድ ተለይቶ ይታወቃል፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

የምኒልክ ብር ደግሞ የተለየ ነው። አፄ ምኒልክ በስማቸውና በመልካቸው ብር ያስመቱት በፓሪስ ነው። የተመታበት ዓመትም በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። ፲፰፻፹፯ ማለት 1887 ዓ.ም. ነው፤ ፲፰፻፹፱ ማለት ደግሞ 1889 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ብሮች ለዓይን ይመሳሰላሉ። ለሚገዛቸው ሰው ግን አንድ አይደሉም። በአንዲት ፊደል ምክንያት ዋጋቸው ይለያያል።

የዋጋው መጽሐፍ

በውጭ አገር አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብን የሚወዱ ብዙ ሰዎች አሉ። ለእነርሱም የዋጋ መጽሐፍ፣ ማለት ካታሎግ፣ ይታተማል። የዓለምን ሳንቲሞች የያዘው አንዱ ታዋቂ ካታሎግ በአሜሪካ መታተም የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ነው። መጽሐፉ እያንዳንዱ ገንዘብ መቼ እንደተመታ፣ ምን እንደሚመዝንና ምን ያህል እንደሚያወጣ ይናገራል። ታዲያ ዋጋው ተጽፎ ካለ፣ ሰው ለምን ከዚያ በላይ ይከፍላል? ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ መጽሐፉ ያለፈውን ነው የሚናገረው። አዘጋጆቹ የተሸጠበትን ዋጋ ይሰበስባሉ፤ መካከለኛውን ይወስዳሉ፤ ከዚያ ያትማሉ። መጽሐፉ ታትሞ ገዢው እጅ እስኪደርስ ገበያው ተለውጧል። የአምናን የቡና ዋጋ ይዞ ዘንድሮ ገበያ የሚወጣ ሰው ይሳሳታል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ ይዞታ ነው። ቀዩን እሸት ለቅሞ በአልጋ ላይ ያደረቀ ገበሬና ቡናውን መሬት ላይ አስጥቶ አፈር ያስነካ ገበሬ እኩል ዋጋ አያገኙም። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ያልተፋቀ፣ ያልተበሳ፣ ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ ብር ከብዙዎቹ ተለይቶ ይወጣል። በአሜሪካ አዋቂዎች የገንዘብን ይዞታ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ነጥብ ይመዝናሉ። መጽሐፉ የጻፈው ለመካከለኛው ይዞታ ከሆነ፣ እጅግ ንጹሕ ሆኖ የቆየው ከዚያ በላይ ቢሸጥ አያስደንቅም። አባቶቻችንም ቢሆኑ ይዞታ ያውቁ ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ ጠርቶ ካልታየ ጠገራውን አንቀበልም የሚሉ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙ ጠገራና ብዙ የምኒልክ ብር አንጥረኛ እጅ ገብቶ ቀልጧል፤ መስቀል፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ ሆኗል። መጽሐፉ ስንት እንደተመታ ሊነግረን ይችላል። ዛሬ ስንት እንደተረፈ ግን ማንም ቆጥሮ አልጨረሰም።

አራተኛ፣ የፈላጊዎች ፉክክር ነው። በጨረታ ላይ ዋጋ የሚወጣው በመጽሐፍ ሳይሆን በሁለት ሰዎች ፍላጎት ነው። አንድ ፈላጊ ብቻ ካለ ዋጋው ዝቅ ይላል። ሁለት ገንዘብ ያላቸው ሰዎች «ለእኔ ይሁን፣ ለእኔ ይሁን» ከተባባሉ ግን መጽሐፉ ይረሳል። ከአገሩ የራቀ ኢትዮጵያዊም የአያቶቹን ገንዘብ ለማስታወሻ ሲፈልግ ሂሳቡን በግራም አያሰላም።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ነው። ድሮ የማስቲካ ኩባንያዎች የተጫዋቾችን ሥዕል የያዘ ትንሽ ካርቶን ከማስቲካ ጋር ለልጆች ይሸጡ ነበር። ልጆቹም ተጫወቱበት፤ አጠፉት፤ ቀደዱት። እናቶችም ቤት ሲያጸዱ ጣሉት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 የታተመ፣ ሚኪ ማንትል የተባለውን ተጫዋች ሥዕል የያዘ አንድ ካርድ ግን ሳይጎዳ ቆየ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጨረታ 12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ካርዱ እንደ ጠገራ ብር ማዕድን የለውም፤ ወረቀት ነው። ዋጋውን ያወጡት ጥቂትነቱ፣ ንጽሕናውና የፈላጊዎች ፉክክር ናቸው።

ይሁን እንጂ መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ዕቃ በውድ ተሸጠ ማለት መሰሎቹ ሁሉ ይሸጣሉ ማለት አይደለም። በብዛት የሚገኘውና የተጎዳው ብር ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ዋጋ በታች ነው የሚሸጠው። ሻጭ የጠራው ዋጋና ገዢ የከፈለው ዋጋም አንድ አይደሉም። «ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ወሬ ሰምቶ በሬውን ሸጦ አሮጌ ብር የሚገዛ ሰው ይከስራል። አስመስሎ የተሠራ ብርም በገበያ ይዞራል።

ምን እናድርግ?

ብሩን በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ አንፈግፍገው። ሲያበራ ያማረ ይመስለናል፤ ነገር ግን ፊቱ ይፋቃል፤ ዋጋው ይወድቃል። አንብሳው፤ አናቅልጠው። ለመሸጥ ካሰብን አስቀድመን ቁጥሩንና ፊደሉን እናንብብ፤ እንመዝነው፤ ከአንድ በላይ ገዢ እንጠይቅ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑንም እንወቅ። ስለዚህ በወረዳችን ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባል።

በሚዛን የሚገዛ ነጋዴ የሚያየው ማዕድኑን ብቻ እንዲመስለን ይፈልጋል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን በብሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ራሱ ያያል። ዋጋውን የሚጠይቀውም አውቆ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. አብዛኛው ጠገራ ብር 1780 የሚል ቁጥር ያለበት ለምንድን ነው?
2. የመጽሐፍ ዋጋና የገበያ ዋጋ የሚለያዩባቸውን አራት ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. በቤታችሁ አሮጌ ብር ቢኖር ነጋዴ ሲመጣ ምን ትጠይቁታላችሁ?