የጊታር ቀረጻና የድምፅ መዘግየት

አንድ ተማሪዬ የኤሌክትሪክ ጊታሩን በላፕቶፕ ሲቀርጽ ምቱ እየጠፋበት «እጄ አይረባም» ብሎ ሊተወው ደርሶ ነበር። ችግሩ ግን ከእጁ አልነበረም፤ የጊታሩን ድምፅ ከጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ዘግይቶ ነበር።

ኮምፒውተር ድምፅን ባፈር በሚባል ማቆያ እያጠራቀመ ያስተላልፋል። በሰከንድ 48,000 ናሙና ስንቀርጽ፣ 1,024 ናሙና የሚይዝ ባፈር ለመሙላት 21 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ መግቢያውና መውጫው ሲደመሩ ከ40 ያልፋል። ወደ 128 ስናወርደው ግን አንዱ ጉዞ ከ3 ሚሊሰከንድ ያንሳል፤ ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመጓዝ የሚፈጅበት ጊዜ ያህል ነው።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ የኢንተርፌሳችሁን አሲዮ ድራይቨር ምረጡ። ድምፁ ከተቆራረጠ ባፈሩን ወደ 256 ከፍ አድርጉ። ቀረጻው አልቆ ሚክስ ስታደርጉ መዘግየቱ ስለማይጎዳ መልሳችሁ አስፉት።

ተማሪዬ ያንኑ ዜማ ምቱን ሳይስት ተጫወተው። እጅን ከመውቀሳችን በፊት መሣሪያውን እንመርምር።