የቢርካው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ፊደል ቆጥራችሁ ንባብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን ንግግር በጽሑፍ ስታገኙት ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሦስት ቃላት ነው። እነሱም ዘውድ፣ ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ ናቸው።

በጉናጋዶ ውሃ ማለት ሕይወት ማለት ነው። አንድ ቀበሌ የጋራ ቢርካ አለው እንበል። የዝናቡ ውሃ ተጠራቅሞበታል፤ በሩም ተቆልፏል። ቁልፉን ማን ይያዝ?

ቁልፉ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ነገሩ የዘውድ አገዛዝን ይመስላል። ውርሱ ቀርቶ ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ ሪፐብሊክን ይመስላል። ሪፐብሊክ ማለት ንጉሥ የሌለው መንግሥት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ! ያ ሰው ቁልፉን ያገኘው በምርጫ ነው ወይስ በጉልበት? ሪፐብሊክ የሚለው ቃል ብቻውን ይህን አይነግረንም። ውሃ ቀጂዎቹ ራሳቸው ጠባቂውን ከመረጡት፣ ሒሳብ ከጠየቁት፣ ሲያጠፋም ቁልፉን ከተረከቡት፣ ዴሞክራሲ ማለት ይህ ነው።

ከቢርካው ወደ አገራችን ታሪክ እንሂድ። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሰጡ። ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ አባሎቻቸውን ግን ሕዝቡ አልመረጠም። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ከዚያም ሕዝቡ እንደራሴዎቹን መረጠ። ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ። በ1980 ዓ.ም. አገሪቱ «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ተባለች። ንጉሥ የለም፤ የተፈቀደው ፓርቲ ግን አንድ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ሶማሊያም በ1952 ዓ.ም. ሪፐብሊክ ሆነች። በ1962 ዓ.ም. ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ ስሟንም «የሶማሊያ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» አሉት። በ1980 ዓ.ም. ከዚያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች ሐርቲሼክን እንደሞሉት ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ሁለቱም መንግሥታት የወደቁት በ1983 ዓ.ም. ነው። የወደቁትም በጦርነት እንጂ በምርጫ አይደለም። ሁለቱም ግን በስማቸው ላይ «ዴሞክራሲያዊ» የሚል ቃል ነበራቸው።

የተገላቢጦሹም አለ። እንግሊዝና ጃፓን ዘውድ አላቸው። አገሩን የሚመራው ግን ሕዝብ ከመረጠው ምክር ቤት የሚወጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ይህ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም። ኡጋዝነት በዘር ሲወርድ ታውቃላችሁ። ኡጋዙ ግን ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ሳይመክሩ ትልቅ ነገር ብቻውን አይቆርጥም። ታዲያ በዚያ ሸንጎ በልማድ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው። በምርጫ ቀን ግን የአንዲት እናት ድምፅና የኡጋዙ ድምፅ እኩል ነው።

ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕገ መንግሥት አገራችንን «ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ብሎ ሰይሟታል። 18 ዓመት የሞላው ዜጋ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የመምረጥ መብት አለው ይላል። የሕዝብ ተወካዮችም የሚመረጡት ለ5 ዓመት ነው። ስሙ መልካም ነው፤ ስም ብቻውን ግን ውሃ አይቀዳም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም መንግሥት ስትሰሙ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ፦

ገዢው ወደ ሥልጣን እንዴት መጣ?

ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል?

ያለ ደም መፋሰስ ሊወርድ ይችላል?

ማንበብ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። የድምፅ መስጫውን ወረቀት ራሷ የምታነብ ሴት «እዚህ ላይ ምልክት አድርጊ» የሚላት ሰው አያስፈልጋትም። ቁልፉን የምትሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቃለች።

የመወያያ ጥያቄ፦ በቀበሌያችሁ የጋራ ንብረት የሚጠብቀው ማን ነው? ማን መረጠው? ሒሳቡንስ ለማን ያቀርባል?