ወተትም ጣትም አይረዱም

ሕፃን ልጅ ነጭ ጋዝ ጠጣ ሲባል ጎረቤት ሁለት መፍትሔ ይዞ ይደርሳል። አንዱ ወተት ነው፤ ሌላው እንዲያስመልሰው ጉሮሮው ውስጥ የሚገባ ጣት። ሁለቱም ከደግነት የመጡ ቢሆኑም ጉዳቱን ያባብሳሉ። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ ናፍጣና ቲነር ሲዋጡ በይበልጥ የሚያሰጉት ለሆድ ሳይሆን ለሳንባ ነውና።

እነዚህ ፈሳሾች ቀጫጭን ናቸው። እንደ ማብሰያ ዘይት አይወፍሩም፤ ስለዚህ ልጁ ሲውጣቸው ትን ካለው ጥቂቱ በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧው ይሾልካል። ሳንባ ከደረሱ በኋላ ወለል ላይ እንደፈሰሰ ላምባ ወዲያው ይስፋፋሉ። ጥቃቅኖቹን የአየር ከረጢቶች ሸፍኖ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ስስ ቅባት አለ፤ ይህን ያበላሹታል። የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ መጠን እንኳ ከባድ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በሽታው በጀርም ሳይሆን በኬሚካል የመጣ ስለሆነ፣ ከፋርማሲ በጥድፊያ የተገዛ አንቲባዮቲክ አይከላከለውም።

ማስመለስ የሚከፋው ለዚህ ነው፤ ፈሳሹ በጉሮሮ በኩል ሁለተኛ ጊዜ ያልፋል፣ ወደ ሳንባ የመሾለክ ዕድሉም እንደገና ይከፈታል። ወተቱም ሆድን ሞልቶ ትውከት ይጋብዛል። ሳል፣ ፈጣን ትንፋሽ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር መሰርጎድ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከታየ ልጁ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት ይሂድ። ደኅና የሚመስለውም ቢሆን ቢያንስ ለ6 ሰዓት በሐኪም ዓይን ሥር ይቆያል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ንጹሕ የሆነ ራጅ ቆይቶ ሊለወጥ ስለሚችል። ጋዝ የነካው ልብስ ይውለቅ፣ ቆዳው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ።

ቤንዚን በጎማ በአፋቸው ስበው ከታንከር የሚቀዱ ሾፌሮችና ረዳቶችም ለዚሁ አደጋ የተጋለጡ ናቸው። ልምድ አላቸው፣ ግን ልምድ ሳንባን አይሸፍንም። በእጅ የሚሠራ መሳቢያ ፓምፕ እያለ አፍን ማስገባት ለምን እንደሚመረጥ ለእኔ አይገባኝም።

ትነቱን መተንፈስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በከተሞቻችን ጎዳና ላይ ማስቲሽና ቤንዚን የሚስቡ ልጆች ረኃብንና ብርድን ለጥቂት ደቂቃ ይረሱበታል። በማስቲሽና በቲነር ውስጥ ያለው ቶሉን ለዓመታት ከተሳበ የአንጎልን ነጭ ክፍል ያጠፋል፤ አስተሳሰብ፣ አረማመድና መስማት ይጎዳሉ። ሌላው ኬሚካል፣ ሄክሳን፣ የእግርና የእጅ ነርቮችን ያደክማል። በነዳጁ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለ ኬሚካል፣ ለረጅም ጊዜ ከተጋለጡበት፣ የደም ካንሰር ያመጣል። ልብ ላይ የሚደርሰው ግን ዓመት አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው ሐኪም ሚላርድ ባስ ትነት በመሳብ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ሪፖርት አደረገ፤ አንዳንዶቹ የወደቁት ከሩጫ ወይም ከድንጋጤ በኋላ ነበር። ትነቱ ልብን ያስቆጣል፤ ድንጋጤ የሚያፈስሰው አድሬናሊን ደግሞ ምቷን ያዛባዋል። ስለዚህ ማስቲሽ የያዘን ልጅ ዱላ ይዞ ማሳደድ፣ ዓላማው ተግሣጽ ቢሆንም፣ ሊገድለው ይችላል። ረጋ ብሎ ማነጋገር፣ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ማሳረፍ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ትልቁን ጥፋት የሚሠራው ሃይላንድ የምንለው የውሃ ጠርሙስ ነው። ውሃ የመሰለ ነጭ ጋዝ በውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ ከቡታጋዙ አጠገብ ሲቀመጥ፣ የተጠማ የ2 ዓመት ልጅ መለየት አይችልም። በራሱ ዕቃ፣ በጠበቀ ክዳን፣ ልጅ እጁ በማይደርስበት ከፍታ ያስቀምጡት። አደጋው ከደረሰም ልጁ ይዞት የተገኘውን ጠርሙስ አይጣሉት፤ ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት ከሆነ ሕክምናው ስለሚለይ ሐኪሙ እንዲያየው ይዘውት ይሂዱ።