በስልኩ መዝገብ ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?

አዲስ አበባ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ሞባይል ቤት ውስጥ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ለልጃቸው ያገለገለ ስማርት ስልክ ገዝተው ሻጩን፣ «ልጄ፣ ቲክቶክ ላይ እያመሸ አስቸገረኝ፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚዘጋውን አፕ ጫንልኝ» አሉት። ወጣቱ «እሺ ማዘር፣ መጀመሪያ ጂሜይል ልክፈትለት» ብሎ የልጁን ስም ጠየቀ። የልደት ቀኑን አልጠየቀም። ከራሱ አንድ ዓመት መርጦ ሞላና ቀጠለ፤ የሞላው 1990 ነበር። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጅ በዚያች ደቂቃ በስልኩ መዝገብ ትልቅ ሰው ሆነ።

ወላጆች «የትኛው አፕ ይሻላል?» ሲሉ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ከእሱ የሚቀድም አለ። ዛሬ በእጃችን ያሉት መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የቆሙት በልጁ የልደት ዓመት ላይ ነው። እሱ ከተሳሳተ የተቀረው ድካም ከንቱ ነው።

የልጅን የስክሪን ሰዓት መገደብ ለወላጅ የተተወ ሥራ የሆነው በቅርቡ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ገደቡ በራሱ በሳጥኑ ውስጥ ነበር። ጣቢያው አንድ፣ የልጆች ጊዜ የታወቀ፣ አባባ ተስፋዬም ሲሰናበቱ ነገሩ ያበቃል። ተስፋዬ ሳህሉ ለ42 ዓመታት ያህል በዚያ ፕሮግራም ላይ ሲቆዩ ሰዓቱን የሚያስከብር ወላጅ አላስፈለገም። ቀጥሎ ዲሽ መጣና ኤምቢሲ ስሪ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ያሳይ ጀመር፤ ያም ቢሆን ቴሌቪዥኑ ያለው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሪሞቱም በእናት እጅ ነው።

ስልክ ይህን ሁሉ አፈረሰው። በአዲስ አበባ 4ጂ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ ከ40 በመቶ በላይ ወረደ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ጀመረና ፉክክሩ ጨመረ። ለእኔ ግን ትልቁ በር የተከፈተው መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነበት በዚያ ሰሞን የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። «ስልክ ለልጅ አይሰጥም» ሲል የኖረ ወላጅ ለትምህርት ሲል ስልኩን በገዛ እጁ ሰጠ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስልኩ ግን አልተመለሰም።

ወደ አፖቹ ልመለስ። ለአንድሮይድ ስልክ የጎግሉ ፋሚሊ ሊንክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው፣ ክፍያ የለውም። በቀን ስንት ሰዓት፣ በየትኛው አፕ ስንት ደቂቃ፣ ማታ መቼ እንደሚዘጋ ወላጁ ከራሱ ስልክ ይወስናል፤ ልጁ አዲስ አፕ ልጫን ሲል ፈቃድ ይጠይቃል። አይፎን ያላቸው ሌላ አፕ መፈለግ አይጠበቅባቸውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስክሪን ታይም የሚባለው በስልኩ ቅንብር ውስጥ አለ። ቲክቶክ ደግሞ የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኝ ፋሚሊ ፔሪንግ አለው፤ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት ከ2023 ወዲህ የቀን ገደቡን በራሱ 60 ደቂቃ ላይ ያደርገዋል። በዶላር የሚከፈልባቸው ሌሎችም አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እነዚያ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ቤተሰብ የሚታሰቡ አይደሉም። ደግነቱ አያስፈልጉም፤ የሰዓት ገደብ ብቻ ለሚፈልግ ቤት ነጻዎቹ ይበቃሉ።

አሁን የልደት ዓመቱን ነገር ልብ ይበሉ። ሻጩ እንደ ፈለገ የሞላበት አለ። ከዚያ የባሰው ግን ወላጁ በቅንነት እውነቱን ጽፎ የሚሳሳትበት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. 11 ዓመቱ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጆቹ ነው፤ 2007 ብለው ከጻፉለት 18 ዓመት የሞላው ጎልማሳ አድርጎ ይይዘዋል። ፋሚሊ ሊንክ 18 ዓመት የሞላውን ሰው አይቆጣጠርም። የቲክቶክ 60 ደቂቃም አይነካውም። ዩቲዩብ በዕድሜ የሚከለክላቸው ቪዲዮዎች ይከፈቱለታል። የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያለው የዘመን አቆጣጠራችን፣ ማንም ሳያስበው የልጆቻችንን ጥበቃ አንስቶባቸዋል ማለት ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ የፈለገ ወላጅ 3 ብሎ ከሞላ፣ ስልኩ የሚቆለፈው ቀን በ9 ሰዓት ወይም ሌሊት በ9 ሰዓት ነው። መጻፍ ያለበት 21፡00 ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «አፑ አይሠራም» ተብሎ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ቤት ደግሞ ልጁ የራሱ ስልክ የለውም፤ የእናቱን ይወስዳል። ለዚህ ፋሚሊ ሊንክ አይሆንም፣ የእናትየው አካውንት የአዋቂ ነውና። በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ አንድን አፕ ብቻ ከፍቶ ሌላውን የሚቆልፍ መንገድ አለ፤ ብዙ ስልኮች ለእንግዳ የተለየ ገጽ መክፈትም ያስችላሉ። ቴሌብርና የባንክ አፕ ያለበትን ስልክ ለልጅ እንዲሁ መስጠት በራሱ አደጋ ስለሆነ ይህን መልመድ ለሁለት ነገር ይጠቅማል።

አፑ የማያየውም ብዙ ነው። ቴሌግራም ውስጥ በቻናል የሚለቀቀው፣ ከጓደኛ በዜንደር የሚመጣው፣ በሚሞሪ ካርድ የሚዞረው ፊልም ከሰዓት ገደብ በቀር ሌላ ማጣሪያ አያገኘውም። ማጣሪያዎች በአማርኛ ይዘት ላይ እንደ እንግሊዝኛው ይሠራሉ ብሎ መተማመንም አይገባም። የወሲብ ገጾችን ለመዝጋት ከቃል ይልቅ በገጹ አድራሻ የሚሠራ መንገድ ይሻላል፤ ክላውድፍሌር ከ2020 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው 1.1.1.3 የሚባለው አድራሻ የቤቱ ዋይፋይ ራውተር ላይ ሲሞላ በዚያ ዋይፋይ ለሚጠቀም ስልክ ሁሉ ይሠራል። የራውተሩን የይለፍ ቃል መቀየር ግን አይርሱ፤ ከጀርባው የተለጠፈውን ልጁም ያነበዋል። ገደቡን የሚያልፈው ቪፒኤንም አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ሲገደቡ አገሩ በሙሉ ቪፒኤን መጫን ተማረ፤ ልጆቹም አብረው ተማሩ። ስለዚህ አፕ የመጫን ፈቃድ በወላጁ እጅ መሆኑ ከደቂቃ ቆጠራው ይበልጣል።

አንድ ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የልጅን መልእክት፣ ፎቶና ጥሪ በድብቅ ለወላጅ የሚልኩትን አፖች። ኤምስፓይ የተባለው የዚህ ዓይነት አፕ የደንበኞቹ መረጃ ከአንድ ጊዜ በላይ አፈትልኮ ወጥቷል። የቤተሰብን መገኛ የሚያሳየው ላይፍ 360 የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለሌሎች ኩባንያዎች ሲሸጥ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ተዘግቧል። ልጁን ለመጠበቅ የተጫነው ራሱ ልጁን አሳልፎ ይሰጣል። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ውጭ አገር ያለን ሻጭ ግን ካዛንቺስ ላይ ያለች እናት ብቻዋን ልትጠይቀው አትችልም። ደግሞም የተሰለለ ልጅ ሲያውቅ ዝም ይላል። በኢትዮጵያ ላይ በ2022 የወጣው የዩኒሴፍ፣ የኤክፓትና የኢንተርፖል ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች ቢያንስ 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የኦንላይን ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አስቀምጧል። አጥቂዎች ሲያስፈራሩት ሮጦ ወደ እናቱ እንዲመጣ የምንፈልገው ልጅ ነው፤ ከእናቱ እንዲደበቅ አናስተምረው።

ሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ሞክረውታል። ቻይና በ2021 የልጆችን የኦንላይን ጌም በሳምንት 3 ሰዓት ላይ ወሰነች። ደቡብ ኮሪያ ግን ሌሊት ጌም የሚዘጋውን ሕጓን ከአሥር ዓመት በኋላ ተወችው። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው አግዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ከዚያ በታች ላሉት ጭራሽ አይመከርም የሚል ነው። ምክሩ የስክሪኑን ሰዓት ከእንቅስቃሴና ከእንቅልፍ ጋር አብሮ ያየዋል፤ የእኛ ከተማ ጥያቄም እዚያ ላይ ነው። ብይና አባሮሽ የሚጫወትበት ግቢ የነበረው ልጅ ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ የሄዱት ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ የጎረቤቱን ልጅ «ና ውረድ!» ብለው የሚቆጡ አክስቶችና ጋሼዎችም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ስልክ የተነጠቀ ልጅ የሚሄድበት ከሌለው፣ ሰዓት የሚቆርጠው አፕ ከእናቱ ጋር ሲያጣላው ይውላል። በኦሎምፒያና በመስቀል አደባባይ በኩል የተሠሩት የእግረኛ መንገዶችና መጫወቻዎች ቅዳሜና እሑድ ይጠብቃሉ፤ ልጆችዎን ይውሰዷቸው።

ዛሬ ማታ ግን የልጅዎን ስልክ ተቀብለው የጎግል አካውንቱን ይክፈቱና የልደት ዓመቱን ይዩ። የፈረንጅ ካልሆነ ወይም ሻጭ የፈጠረው ከሆነ ያስተካክሉት፤ ልጁ ትንሽ ከሆነ ጎግል አካውንቱ በወላጅ ሥር እንዲሆን ይጠይቃል፣ እሺ ይበሉት። ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው፣ እያየ ያድርጉት።