የአይጥ ኬሞካይን ስለ ሰው ደም ምን ያህል ይናገራል? የደፊ ተቀባይና የኢሉባቦር ወባ

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ የወይና ደጋውን የቡና ምድር ከባሮ ቆላ ጋር ያገናኛል። ቁልቁለቱ በገፋ ቁጥር ሙቀቱና የወባ ስጋቱ አብረው ይጨምራሉ። በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የሚያስከትሉት ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረምና ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ለመግባት በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን የደፊ ተቀባይ እንደ በር ይጠቀማል። የዚህ ተቀባይ የተፈጥሮ ሥራ ግን ኬሞካይኖችን መያዝ ነው። ተቀባዩን በአይጥ ኬሞካይን አማካይነት የሚያጠና ተመራማሪ የሚያገኘው ውጤት ለኢሉባቦር ነዋሪ እስከ ምን ድረስ ይሠራል? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይመረምራል።

ኬሞካይኖች ከ8 እስከ 10 ኪሎዳልተን የሚመዝኑ ትንንሽ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ክምችታቸው ወደ በዛበት ስፍራ ይጠራሉ። አብዛኞቹ የኬሞካይን ተቀባዮች መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋሉ። የደፊ ተቀባይ ግን ሲሲና ሲኤክስሲ የተባሉትን ሁለቱንም ዋና ዋና የኬሞካይን ቤተሰቦች ይይዛል እንጂ የተለመደውን መልእክት አያስተላልፍም። በዚህም ምክንያት ቀይ የደም ሕዋስ በደም ውስጥ የሚገኘውን ትርፍ ኬሞካይን እንደሚያጠራቅም ጎተራ ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ1976 የደፊ ተቀባይ በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ ታወቀ። በ1993 ደግሞ ኬሞካይኖች ተቀባዩን ሲይዙ ፕላዝሞዲየም ኖውሌሲ የተባለው ሌላ የወባ ተሕዋስ ወደ ሰው ቀይ የደም ሕዋስ እንዳይገባ መከልከላቸው ተረጋገጠ። በ1995 የተቀባዩ መጥፋት ምክንያት በዘረመሉ መቆጣጠሪያ ላይ የሚገኝ የአንዲት ፊደል ለውጥ መሆኑ ተገለጸ። ሆኖም ከ2013 ወዲህ ጅማን ጨምሮ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ደፊ አልባ በሆኑ ሰዎችም ላይ የቫይቫክስ ልክፈት አግኝተዋል። ስለዚህ «ደፊ አልባ የሆነ ሰው በቫይቫክስ አይያዝም» የሚለው የቆየ ግምት በምርመራም ሆነ በሕክምና ሊታመንበት አይችልም።

በቤተ ሙከራ የሚሠራበት ሪኮምቢናንት የአይጥ ኬሞካይን የሚመረተው የአይጡን ዘረመል በአብዛኛው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ በማስገባት ነው። ለጎተራው ጥያቄ ተስማሚ የሆነው ሲኤክስሲኤል1 ነው። በሰው ዘንድ ኒውትሮፊልን በዋናነት የሚጠራው ሲኤክስሲኤል8 በአይጥ የለም፤ ሥራውን ሲኤክስሲኤል1ና ዘመዶቹ ይሸፍናሉ። ሙከራው ቀላል ነው፦ መጠኑ የታወቀ ፕሮቲን የደፊ ዘረመል ካላቸውና ከተወገደባቸው አይጦች በተወሰደ፣ በታጠበ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጨመራል። ሕዋሱ በሴንትሪፉጅ ከወረደ በኋላ በፈሳሹ የቀረው ፕሮቲን በኤላይዛ ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ቀዩ ሕዋስ በደፊ ተቀባይ አማካይነት የያዘውን መጠን ያሳያል።

ውጤቱን ወደ ሰው ለማሸጋገር ግን ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛ፣ ዘረመሉ የተወገደበት አይጥ ተቀባዩን ከመላ አካሉ ያጣል። ደፊ አልባ የሆነ ሰው ግን የሚያጣው ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ነው፤ በትንንሽ ደም መላሽ ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተቀባዩ አለ። ስለዚህ በሕይወት ባለ አይጥ ላይ የሚታይ ለውጥ ከደሙ ይሁን ከሥሩ ግድግዳ አይለይም። ጤነኛ አይጥ ዘረመሉ ከተወገደበት አይጥ መቅኔ እንዲቀበል ማድረግ ከሰው ሁኔታ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ሁለተኛ፣ ቫይቫክስ ተራ የቤተ ሙከራ አይጥን ስለማይለክፍ የበሩ ጥያቄ በዚህ መንገድ አይመለስም።

ፕሮቲኑም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባክቴሪያው የተረፈ ኢንዶቶክሲን ነጭ የደም ሕዋሳትን በራሱ ስለሚያነሣሣ፣ የኬሞካይኑ መስሎ የሚታየው ውጤት የእሱ ሊሆን ይችላል። የሕዋስ ፍልሰት መጠኑ ሲጨምር ከፍ ብሎ ቆይቶ መልሶ ስለሚወርድ፣ በአንድ መጠን ብቻ የተደረገ ሙከራ «አይሠራም» ወደሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይመራል። በጣም የቀጠነ ፕሮቲን ከብልቃጡ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ አልቡሚን መጨመር ይህን ይቀንሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ ደግሞ የተሟሟውን ፕሮቲን በአንድ ብልቃጥ ከማኖር ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ይሻላል፤ ደጋግሞ መቅለጥና መርጋት ኃይሉን ያጠፋዋል።

በአጠቃላይ የአይጡ ኬሞካይን ቀይ የደም ሕዋስ ኬሞካይንን እንዴት እንደሚይዝ በሚገባ ያስረዳል። ቫይቫክስ ደፊ አልባ ወደሆነ ሕዋስ በምን በኩል እንደሚገባ ግን ሊመሰክር አይችልም። ለዚህ መልስ የሚገኘው በሥነ ምግባር ፈቃድና በሕሙማን ስምምነት ከመቱ፣ ከኖፓና ከባሮ ቆላ ከሚሰበሰብ የሰው ደም ነው። ተመራማሪው ብልቃጡን ከማዘዙ በፊት ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት።