የሰንሰል ብናኝና የዝምድናው ደረጃ

ለአጥር የሚተከለው ሰንሰል፣ ስሚዛም የሚባለው፣ ነጭ አበባው ሁለት ከንፈር አለው። እሾሃማው ባለቀይ አበባ ኩሸሽሌ ግን የላይኛው ከንፈር ይጎድለዋል። ሁለቱም 4,000 ያህል ዝርያዎች ያሉት የአካንታሴ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡን በአበባ መልክ ብቻ መደልደል አሳሳች ነው፤ አንድ ዓይነት ወፍ ወይም ንብ የሚጎበኛቸው አበቦች፣ ዝምድናቸው ሩቅ ቢሆንም፣ መልካቸው ሊቀራረብ ይችላል።

በ1883 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ራድልኮፈር የአበባ ብናኝ ለዚህ ቤተሰብ አመዳደብ ያለውን ጥቅም ጻፈ። በ1895 ሌላው ተመራማሪ ጉስታፍ ሊንዳው ክፍፍሉን በአብዛኛው በብናኝ ዓይነት ላይ መሠረተው። በዚያ ዘመን ማይክሮስኮፕ ይህን መድፈሩ በእጅጉ ያስደንቀኛል።

የሚታየው የብናኙ የውጭ ግድግዳ ነው፤ ብናኙ ሲበቅል ቱቦው የሚወጣበት በር ክብ ቀዳዳ ነው ወይስ ረጅም ስንጥቅ? በሮቹ ስንት ናቸው? ገጹስ ምን ዓይነት ቅርጽ አለው? ግድግዳው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ብናኙ በአሲድ ሲታጠብ ውስጡ ይጠፋል፣ ቅርጹ ይቀራል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት በፊት ደርቆ ከተቀመጠ ናሙና እንኳ መረጃ ይገኛል።

የኩሸሽሌ ወገን ብናኝ ሦስት ስንጥቅ አለው፣ ክብ ቀዳዳ የለውም። ይህ ብቻውን ብዙ ባላሳመነ ነበር፤ ነገር ግን እነዚሁ ተክሎች የወንዴ ዘራቸው ከረጢት ባለ አንድ ክፍል ነው፣ በሰንሰል ቅጠል ውስጥ የሚገኙት የካልሲየም ካርቦኔት እንክብሎችም የሏቸውም። የዲኤንኤ ጥናትም አንድ ላይ ሰብስቧቸዋል። እዚህ ላይ ብናኙ ትልቁን ቅርንጫፍ በትክክል ለይቷል።

ወደ ሰንሰል ስንመጣ ጉዳዩ ይወሳሰባል። በብናኙ በሮች ግራና ቀኝ ትናንሽ ጉብታዎች ተደርድረዋል። ሰንሰል የሚመደብበት ጀስቲሺያ የተባለው ወገን በዚህ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ጉብታዎቹ በጎረቤት ወገኖችም ይገኛሉ። እንዲያውም የዲኤንኤ ጥናቶች ጀስቲሺያን ራሱን አንድ ወጥ የዘር ሐረግ ሆኖ አላገኙትም። ጉብታው ሰፊውን ዘመድ ያሳያል እንጂ ወገኑን ለመወሰን አይበቃም። በአንጻሩ በዚሁ ቤተሰብ ስትሮቢላንተስ በተባለው ወገን ውስጥ ተቀራራቢ ዝርያዎች እንኳ በብናኝ ቅርጽ እጅግ ይራራቃሉ።

የሊንዳው ድልድል ደካማ ጎን እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንድን መለያ በየደረጃው እኩል እንዲፈርድ ጠይቆታል። በ2000 ተመራማሪዎቹ ስኮትላንድና ቮለሰን ባሳተሙት ድልድል ብናኝ ቦታውን አላጣም፣ ግን ከሌሎች የአካል መለያዎችና ከዲኤንኤ ጋር ተገናዝቦ ነው የተመዘነው።