ከቦሌ ሐርጌሳ፦ የቲኬቱ ሰዓትና የበጉ ሰዓት

ሼክ ኑር ሰፈር ሻይ ስንጠጣ አንድ በግ ነጋዴ «ከአዲስ አበባ እዚህ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በጎቹ በአይሱዙ ተጭነው ከጅጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ሊገቡ ነው፤ የሚረከባቸው ወንድሙ ደግሞ በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ ይበራል። «አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ» ብዬ ዝም ብል አልተሳሳትኩም፤ ሰውየውን ግን አከስረው ነበር።

መጀመሪያ ርቀቱ። ቦሌ በ38.8 ዲግሪ፣ የሐርጌሳው ኢጋል ኤርፖርት በ44.1 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ናቸው። በዚህ አካባቢ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የ5.3 ዲግሪው ልዩነት 583 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐርጌሳ ወደ ሰሜን ግማሽ ዲግሪ ከፍ ማለቷ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 585 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ያዙት።

ጄት አየር ላይ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር አርባ አምስት ደቂቃ የሚበቃው ይመስላል። የቲኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው ግን አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከሚንቀሳቀስበት እስከሚቆምበት ነው። ወደ መንደርደሪያው መሄዱ፣ ተራ መጠበቁ፣ መውጣትና መውረዱ በአጭር መንገድ ላይ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል።

ከጅጅጋ ሐርጌሳ በአየር 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጅጅጋ ያለ ነጋዴ በቦሌ ዞሮ ልምጣ ቢል ግን መጀመሪያ 455፣ ከዚያ 585፣ በድምሩ 1,040 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው! ለእሱ መኪናው ይሻለዋል።

የነጋዴው ሰዓት ከቤት ይጀምራል። ለዓለም አቀፍ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ የቦሌ መንገድ መጨናነቅ፣ እዚህ ደግሞ ቪዛና ሻንጣ ሲደመሩ አንድ ሰዓት ተኩሉ አምስት ወይም ስድስት ይሆናል። በረራው ከዘገየማ ቀኑ አለቀ።

በጉ ግን አይጠብቅም። ሳይበላና ሳይጠጣ በመኪና ላይ የቆመ እንስሳ ክብደት ይቀንሳል፤ ተረካቢ ጠፍቶ ሳይወርድ ሲቆይ ደግሞ ይብስበታል። ለምሳሌ 100 በጎች እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ይመዝኑ። እያንዳንዱ አንድ ኪሎ ተኩል ቢቀንስ 150 ኪሎ ጠፋ፤ አምስት በግ ማለት ነው። የሞተ ስለሌለ ማንም ኪሳራ ብሎ አይመዘግበውም።

ሌላው ወጥመድ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። አዲስ አበባና ሐርጌሳ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ቲኬቱ ግን በፈረንጅ ሰዓት ይጻፋል። 10:30 ማለት ከጠዋቱ 4:30 ነው፤ 04:30 ደግሞ ከሌሊቱ 10:30። ይህን አምታቶ አውሮፕላን ያመለጠው ደንበኛ አውቃለሁ፤ ጭነቱ ያደረው መኪና ላይ ነው።

ለሻይ ጓደኛዬ የነገርኩት ይህንኑ ነው፦ ወንድምህ በዋዜማው ይብረር፣ በረቱን፣ ውኃውንና ሣሩን አዘጋጅቶ ይደውል፤ አይሱዙው ከዚያ በኋላ ከጅጅጋ ይነሣ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ውድ ነው ብሎ ተከራከረኝ። የአምስት በግ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ስልኩን አወጣ።